የቲላፒያ ጫጩት ከመግዛትዎ በፊት፦ የትኛው ዝርያ የኩሬዎን ብርድ ይችላል?

የመጀመሪያውን ኩሬዬን ዓሣ የፈጀብኝ የአንድ ሳምንት ብርድ ነው። ጫጩቶቹን የሸጠልኝ ሰው «ይሄ ዝርያ ብርድ አይፈራም» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሆነ ሳልጠይቅ አመንኩት። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይ፣ ዓሦቹን ወደ ኩሬው ዳር ተጠግተው በጎናቸው ተጋድመው አገኘኋቸው። በእጄ ስነካቸው አልሸሹም። የስንጥባቸው ክዳን ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ፀሐይ ወጥታ ውሃው ሲሞቅ ግማሾቹ ነቅተው ሲዋኙ ሳይ ተርፈዋል ብዬ ተደሰትኩ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ በክንፋቸውና በጅራታቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ በቀለ፤ እነሱም አለቁ።

ብርድ ቲላፒያን የሚገድለው እንዲህ በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ሰውነቱ የጨውና የውሃ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተውና ይደነዝዛል። ከዚያ የተረፈውን ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚወድቅ ሻጋታና ባክቴሪያ ይጨርሱታል። ስለዚህ «ብርዱን ተረፈ» የሚባለው ቅዝቃዜው ባለፈ ማግስት አይደለም፤ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በሁሉም ዝርያዎች ላይ ከሞላ ጎደል የሚሠሩ ቁጥሮች አሉ። ቲላፒያ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 በታች እርባታውም ዕድገቱም ይቆማል ማለት ይቻላል። ከ16 ወይም 17 ከወረደ መኖ አይነካም፤ የተጣለለት መኖ ታች ወርዶ ይበሰብስና ኦክስጅን ይሻማል። ዝርያዎቹ የሚለያዩት ከዚህ በታች ባሉት ጥቂት ዲግሪዎች ነው፤ የገዢው ምርጫም እዚያው ላይ ነው።

ናይል ቲላፒያና ሰማያዊ ቲላፒያ

ናይል ቲላፒያ፣ ቆሮሶ የምንለው፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚረባው የቲላፒያ ዝርያ ነው። በሞቀ ውሃ ውስጥ በዕድገት የሚቀድመው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የብርድ አቅሙ ግን 11 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ያበቃል። ጊፍት የሚባለው የተሻሻለ ዘር ቢቀርብልዎም ይኸው ነው። ጊፍት ከ1988 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተሰበሰቡ ዓሦችን ጭምር ይዞ የተመረጠ የናይል ቲላፒያ ዘር ነው፤ የተመረጠው ግን በፍጥነት እንዲያድግ ነው። ሻጩ «የተሻሻለ» ሲልዎ በምን በኩል እንደተሻሻለ ይጠይቁት።

ሰማያዊ ቲላፒያ በአንጻሩ እስከ 8 ወይም 9 ዲግሪ ድረስ ሊቋቋም ይችላል። ሦስት ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ንጋት ላይ ውሃው 10 በሚደርስበት ኩሬ ግን ዓሣ ባለው ኩሬና ባዶ በሆነ ኩሬ መካከል ያለው ልዩነት ይህቺው ናት። ዋጋውን በዕድገት ይከፍላሉ፤ በሞቁት ወራት ከናይል ቲላፒያ ኋላ ይቀራል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የኩሬዎ ውሃ በዓመቱ ውስጥ ከ15 በታች የማይወርድ ከሆነ ናይል ቲላፒያን ይውሰዱ፣ ሌላውን አያስቡ። ንጋት ላይ ከ10 እስከ 13 የሚንከራተት ከሆነና ዓሣውን ለሚቀጥለው ዓመት ማሻገር ካለብዎ ሰማያዊውን ይምረጡ። ከ8 በታች የሚወርድ ከሆነ ዝርያ መምረጥ አያድንዎትም፤ የሚያድነው ብርዱ ሳይመጣ ማውጣት ነው።

የሁለቱ ዲቃላ በመካከል ይቆማል። ከናይል እናትና ከሰማያዊ አባት የሚገኘው ጫጩት አብዛኛው ወንድ ስለሚሆን አርቢዎች ይወዱታል፤ የወላጆቹ ዘር ንጹሕ ካልሆነ ግን ሴቶቹ ይበዙና ጥቅሙ ይቀራል። የሞዛምቢክ ቲላፒያ ጨዋማ ውሃ ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ጣፋጭ ውሃ ላለው ግን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ቀይ ቲላፒያ መልኩ ገዢ ይስባል። ችግሩ ወፎችንም ይስባል፣ በተለይ ብርድ አደንዝዞት ዳር ላይ ሲቆም። ዲቃላ በመሆኑም የብርድ አቅሙ ከየትኞቹ ወላጆች እንደመጣ ይለያያል፤ ይህን የማያውቅ ሻጭ ጋ አይግዙ።

«ኩሬህን ጥልቅ አድርገው» የሚለው ምክር

ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ሰው ያሳስታል። ጥልቅ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ የሁለት ሦስት ሌሊት ብርድን ያሻግራል፤ እስከዚህ እውነት ነው። ብርዱ ሳምንታት ከቆየ ግን የቀዘቀዘው የላይኛው ውሃ ከበድ ስለሚል ወደ ታች ይሰምጣል፣ የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም እኩል ይቀዘቅዛል። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ላዩ በረዶ በሚሠራበት ኩሬ ግርጌው ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው፤ ይህ ካርፕ ለሚባለው ብርድ ቻይ ዓሣ መጠለያ ሲሆን ለቲላፒያ ሞት ነው። ጥልቀት ለመቆፈር የሚያወጡትን ገንዘብ ለሽፋን ቢያውሉት ይሻላል።

ለማሻገር ከሞከርኳቸው መንገዶች ሁለቱ ሠርተውልኛል። አንደኛው የኩሬውን አንድ ጥግ በእንጨት ቅስትና በፕላስቲክ መሸፈን ነው። ዓሦቹ ማንም ሳይነዳቸው ሞቃቱን ጥግ ፈልገው ይሰበሰባሉ። ሁለተኛው የጉድጓድ ውሃ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ፣ አማካዩ 18 ወይም 20 በሆነበት ቦታ ሌሊቱን ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ መጠለያ መፍጠር ይቻላል። ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ቀጥታ አይልቀቁት፤ ከከፍታ ላይ እየተረጨ ይውረድ።

ሦስተኛው መንገድ ቤት ውስጥ ገንዳ ማሞቅ ነው። ለሥጋ ዓሣ ወጪው አይመለስም፤ ለመራቢያ የሚሆኑ ጥቂት ወላጆችን ለማቆየት ግን ያዋጣል። ገንዳ ውስጥ በሊትር 5 ግራም ጨው የዓሣውን ሰውነት ከጨው ሚዛን ትግል ያሳርፈዋል፤ ለ1,000 ሊትር 5 ኪሎ ማለት ነው። ኩሬ ላይ ይህን ማሰብ ከንቱ ነው፦ 300 ሜትር ኩብ ውሃ 15 ኩንታል ጨው ይፈልጋል።

ትንሹን ጫጩት ወይስ ትልቁን?

የብርድ ወራት ባለበት ቦታ የጫጩት መጠን ከዝርያው ያልተናነሰ ይወስናል። 1 ግራም የምትመዝን ጫጩት ርካሽ ናት። ከ20 እስከ 40 ግራም ለመድረስ ግን በሞቀ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ሳምንት ትፈልጋለች። ሞቃት ጊዜዎ ስድስት ወር ብቻ ከሆነ እስከ ሲሶ የሚደርሰውን በጫጩትነት አሳለፈችው ማለት ነው። በ50 ግራም የተለቀቀ ወንድ ዓሣ ግን በስድስቱ ወር ውስጥ ለገበታ ደርሶ ብርዱ ሳይመጣ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ውሃ ያለው ሰው ትንሿን ይግዛ፤ ወሩ የሚቆጠርበት ሰው ትልቁን ይግዛ፣ በዋጋው አይዘን።

ወንድ ብቻ ወይስ ድብልቅ? ድብልቅ ከለቀቁ ሴቶቹ እንቁላላቸውን አፋቸው ውስጥ ይዘው ስለሚታቀፉ በዚያ ጊዜ አይበሉም፣ አያድጉም፤ ኩሬው በግልገል ይሞላና ለሁሉም መኖ ያንሳል። እነዚያ ግልገሎች ብርድ ሲመጣ በአንዴ አልቀው ሲበሰብሱ የትልልቆቹንም ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ድብልቅን የምመክረው ኩሬያቸው ውስጥ ሌላ አዳኝ ዓሣ ኖሮ ግልገሎቹን መኖ ለማድረግ ለፈለጉ ብቻ ነው። በፍግ የለማና ተጨማሪ መኖ የሚሰጥበት፣ አየር መንፊያ የሌለው ኩሬ በሜትር ካሬ 2 እስከ 3 ወንድ ይይዛል።

ዝርያውን ከመረጡ በኋላም አንድ ነገር ያጣሩ። ብርድ የሚችል ቲላፒያ ከኩሬ አምልጦ ወንዝ ከገባ የአገሩን ዓሣ ሊያፈናቅል ይችላል፤ አንዳንድ አገሮች የተወሰኑ ዝርያዎችን የሚከለክሉት ወይም በፈቃድ ብቻ የሚፈቅዱት ለዚህ ነው። የጎርፍ መውጫዎን በወንፊት ይዝጉ። ውሃዎ ዓመቱን ሙሉ ከ18 የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ቲላፒያውን ይተዉትና ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደውን ትራውት የሚባል ዓሣ ይመልከቱ፤ ኩሬዎ በብርዱ ወራት በረዶ የሚሠራ፣ በሞቃቱ ወራት ግን የሚሞቅ ከሆነ ካርፕ።

ከመግዛትዎ በፊት ቴርሞሜትር በገመድ አስረው ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ያንጠልጥሉ። በብርዱ ወራት በየቀኑ ፀሐይ ሳትወጣ ያንብቡና ይጻፉ፤ የቀትሩ ንባብ ያታልላል። ጫጩቱን የሚለቁት የንጋቱ ንባብ ለአንድ ሳምንት ከ20 በላይ ሲቆይ ነው። ሲለቁም ፌስታሉን ኩሬው ላይ ለግማሽ ሰዓት ያንሳፉት፣ ከኩሬው ውሃ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩበት። ወደ መጠለያ የሚያዛውሩትን ዓሣ ደግሞ የንጋቱ ንባብ ወደ 18 ሳይወርድ ያጥምዱ፤ ከዚያ በታች መረብ የነካው ዓሣ ቅርፊቱ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ሻጋታ ያወጣል።