ኢኤልኤም 327፦ የረጅም ጉዞ ነዳጅ መለኪያ ሆና ስትገመገም

ኢኤልኤም 327 የምትባለው፣ መኪና ላይ የምትሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መሰኪያ ነዳጅ አትቆጥብም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚያው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ መልኩም ከሷ የማይለይ «ነዳጅ ቆጣቢ» ጎን ለጎን ይሸጣልና። እነዚህ ቆጣቢ ተብዬዎች ሲፈቱ የሚገኘው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ነው፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ክፍል የላቸውም። ገንዘብዎን አያባክኑ።

የሷ ሥራ መኪናው ነዳጁን የት እንደሚያጠፋው ማሳየት ነው። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 እግር ኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት) ላይ ተሰክታ የሞተሩን መረጃ ስልክ ላይ ወደተጫነ አፕ ትልካለች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች፣ እኛ ቪትዝ የምንለው ያሪስ ጭምር፣ ያነጋግሯታል። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ግን ሶኬቱ ኖሯቸውም ላይመልሱ ስለሚችሉ ከመክፈልዎ በፊት መኪናው ላይ ሰክተው ይሞክሩ። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ቅጂ ነው። 1.5 የሚል ቁጥር ያለው ሥሪት ዋናው አምራች ኤልም ኤሌክትሮኒክስ አውጥቶ አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ 1.5 ተብለው የሚሸጡት ቅጂዎች 2.1 ከሚባሉት ይሻላሉ። 2.1 የተባሉት ብዙ ትእዛዝ ይጎድላቸዋል፣ ከቆዩ መኪኖች ጋርም መገናኘት ያቅታቸዋል። አይፎን ካለዎት ተራው ብሉቱዝ አይሠራም፤ የዋይፋዩን ይግዙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አፑ ፍጆታውን የሚያሰላው ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር ክብደት ነው፤ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ይይዛል። አየሩ በሰከንድ 12 ግራም ከሆነ በሰዓት ወደ 4 ሊትር ይመጣል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ግምት ስለሆነ በማደያ ይታረም። የነዳጅ መቅጃው በራሱ እስኪቆም ሞልተው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ፣ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ እንደገና ይሙሉ። አፑ 18 ሊትር ብሎ ታንኩ 19.5 ከወሰደ ማረሚያው 1.08 ነው፤ የአፑን ሊትር በዚህ ያባዙ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ የመሄጃው ውጤት ያታልላል፤ ደርሶ መልሱን ይለኩ።

ትልቁ ስህተቷ ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በማርሽ ሲወርዱ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ከተነሣ የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚኑን ይዘጋል፤ አየሩ ግን መግባቱን አያቋርጥም፣ አፑም ነዳጅ እየተቃጠለ ይመስለዋል። ይህን አይቶ ማርሽ ነፃ የሚያደርግ ሹፌር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል፣ ፍሬኑም ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይግላል። እባክዎ በማርሽ ይውረዱ። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ይህ ስሌት ከነጭራሹ አይሆንም፤ የናፍጣ ሞተር አየሩና ነዳጁ ቋሚ ምጣኔ የለውም።

ዋጋዋን የምትመልሰው ግን በሌሎቹ ንባቦች ነው። መጀመሪያ የውሃውን ሙቀት ይዩ። መኪናው ሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ተነድቶም ከ70 ዲግሪ ካላለፈ ቴርሞስታቱ (ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ወይም «ሞተር እንዳይግል» ተብሎ ወልቋል። እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ብዙ ነዳጅ ያስበላል፦ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ያልሞቀ ስለሚመስለው ቤንዚን ይጨምራል። ጤነኛው ሞተር 80ዎቹና 90ዎቹ ውስጥ ይቆማል። ቀጥሎ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ፣ ይዩ፤ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ወደ 20 ከወጣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም የቆሸሸ የአየር ሴንሰር ይፈልጉ። ሴንሰሩ ለሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ በጨርቅ ቢነካ ቀጭኑ ሽቦ ሊበጠስ ይችላል።

ፍጥነትን በተመለከተ መኪናውን በ80 ከዚያም በ100 ነድቶ ቁጥሩን ማነጻጸር ይበቃል፤ የነፋሱ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ዕቃ ካለ ልዩነቱ ይብሳል።

መኪናው ሲቆም ይንቀሏት። ሞተሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ስለምትወስድ ለሁለት ሳምንት የቆመ መኪና ባትሪው ሊሞት ይችላል።