ባለ 2,000 ዋት የዘይት ሂተር፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ሶኬቱ ይታይ

ለኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ላለ አንድ መኝታ ቤት ይህ ሂተር ይበቃል። ድምፅ የለውም፤ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ለብ እንዳለ ይቆያል። ለመሞቅ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ለችኩል ሰው አይሆንም።

ጣጣው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። በ220 ቮልት ሙሉ ኃይሉ ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሶኬቱ ከላላ የስፒናው እግር የሚነካበት ቦታ ይግላል፤ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስፒናውን ዳበስ ያድርጉት። ለብ ቢል ችግር የለም፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ አጥፍቶ ሶኬቱን ማስቀየር ነው። በቀጭን ኤክስቴንሽን መጠቀም አይታሰብም፤ ከምጣድ ጋር ከሆነማ እሳት መጥራት ነው።

አልሠራም ሲል ጠጋኝ ከመጥራት በፊት ወለሉን ይዩ። ብዙዎቹ ዘንበል ሲሉ የሚያጠፋቸው ማብሪያ አላቸው፤ የተቆለመመ ምንጣፍ ብቻ ሊያጠፋው ይችላል። ቀጭ እያለ መጥፋትና መብራቱ ብልሽት አይደለም፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ነው። ከርሞ ሲበራ የሚሸተው አቧራ ነው፤ ነቅሎና አቀዝቅዞ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ዘይት ካንጠባጠበ ግን አይሞላም፣ አይበየድም፤ ይጣላል።

ሲገዙ ሱቁ ውስጥ አሰክተው ሁሉም ክንፎች መሞቃቸውን ሳያዩ አይክፈሉ። ሻጩ ቢያጉረመርምም ይጠብቅ።