ሂርማታ ያለችው የማህፀን ሐኪም

54 ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ጠጋ ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ብለውኝ እያለቀስኩ ወጣሁ።

እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ ያገኘኋት ሐኪም ግን በሩን ዘግታ፣ ስልኳን አጥፍታ አዳመጠችኝ። «እናቴ፣ ያምዎታል ወይስ ፍላጎቱ ራሱ ነው የጠፋው?» አለችኝ። እንዲህ ለይቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! ሁለቱም ነበር። ለድርቀቱና ለሕመሙ ብልት ውስጥ የሚደረግ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ቅባት አዘዘችልኝ፤ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። ቅባቱ በሚሰጥበት ቱቦ ላይ መጠኑን የምታሳየውን መስመር በእስክሪብቶ አጥቁራ አሳየችኝ።

ስለ ቴስቶስትሮንም (ወንዶች ላይ በብዛት ስላለው ሆርሞን) ጠየቅኳት። ለፍላጎት ማጣት በትንሽ መጠን ቆዳ ላይ ይቀባል፤ ለወንድ የተሠራውን በግምት መቀባት ግን ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል፣ ድምፅ ያጎረንናል፤ በ6 ወር ለውጥ ካላመጣም ይቆማል አለችኝ። መጀመሪያ ሕመሙ ይዳን ተባባልን።

በሁለት ወር ውስጥ ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ፍላጎቱም ቀስ እያለ እየመጣ ነው። ቅባቱን ግን ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አጥቼ ልጄ ከአዲስ አበባ ነው የላከችልኝ። ወረፋው ረጅም ነው፤ በጠዋት ሂዱ።