የእማዬ ጥርስ፦ ባህር ዳር ላይ ሁለት ቦታ አስጠግነን ያየሁት

ሰላም ናችሁ? ከሜሪላንድ ሄጄ ባህር ዳር ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ስለ ጉዞው ብዙ አላወራም። ጀልባው ጥሩ ነበር፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን መጣን፣ ባለጀልባው ላይፍ ጃኬቱን ሳንጠይቀው ነው የሰጠን። ባጃጅ ስትይዙ ዋጋውን ሳትነጋገሩ አትግቡ። በቃ። የምጽፈው ስለ እናቴ ሰው ሰራሽ ጥርስ ነው፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አገር ቤት እንዲህ ያለ ጥርስ የሚያደርጉ ወላጆች አሉን።

በደረስኩ በአራተኛው ቀን ጣና ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ እየበላን እማዬ ድንገት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። የላይኛው ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ ድድ የሚመስለው ሮዝ ክፍሉ፣ መሃል ለመሃል ለሁለት ተሰንጥቋል። አጥንት እንኳ አልነከሰችም። ማታ ወንድሜ በሱፐር ግሉ አጣበቀው። አልፈርድበትም፣ እናቱ ጦሟን ስታድር ማየት አልቻለም። ግን ጠዋት ቡናዋን ስትጠጣ ለቀቀ።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ስሙን አልጠራም። የተቀበለን ልጅ ሁለቱን ገጠመና ስንጥቁ ላይ ሮዝ ነገር ቀብቶ በሩብ ሰዓት መለሰልን። በሦስተኛው ቀን እንጀራ ስትበላ የተቀባው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ስንመለስ «እናት ጠንካራ ነገር በልተው ነው» አሉን። በጣም ያበሳጨኝ ይሄ ነው። እንጀራ ጠንካራ ከሆነ ምን ትብላ?

ጎረቤታችን ከአባይ ማዶ አንድ የጥርስ ቴክኒሻን ጠቆመችን። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። «እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» ብሎ እሷን አስቀመጠና የተነሳውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። «እህቴ፣ ጀርባውን እይው» አለኝ። እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። «በደንብ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሲነሳ ከአሮጌው ቆርሶ ይዞ ይመጣ ነበር። ይሄ ከላዩ ተቀመጠ እንጂ አልተያያዘም።»

መጀመሪያ የጠየቀን ጥርሱ ከምን እንደተሠራ ነው። የእማዬ አክሪሊክ የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ናይለን ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ እንደማይጠገን ነገረን፣ መጠገኛው ናይለን ላይ አይዝም። አክሪሊክ ላይ የሚይዘው ደግሞ የመጠገኛው ዱቄት የሚቦካበት ፈሳሽ፣ ሞኖመር የሚሉት፣ የአሮጌውን ገጽ ትንሽ አሟሙቶና አሳብጦ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። አዲሱ ሲደርቅ ከአሮጌው ጋር ተጠላልፎ ይደርቃል ማለት ነው። የተወለወለ፣ ምራቅ ወይም ሙጫ ያለበት ገጽ ላይ ግን ፈሳሹ መግባት አይችልም።

የወንድሜን ሱፐር ግሉ ፍቆ እስኪጨርስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ሁለቱን ስባሪ በትክክል ገጥሞ በሰም ያዛቸው፣ እንዳይነቃነቁም ክብሪት እንጨት አጋደመባቸው። በውስጥ በኩል ጀሶ ሞልቶ ቅርጹን ወሰደ። ጀሶው ሲደርቅ ስባሪዎቹን አውጥቶ የተሰበረውን ጠርዝ በማሽን ሞረደው። እኔ እንዲገጥም ነው ያልኩት፤ እሱ ግን መሃሉን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ከፈተው፣ ጠርዙንም አዘቀዘቀው። ገጹ ሰፋ ሲልና ሻካራ ሲሆን ነው አዲሱ የሚይዘው አለኝ። ከዚያ ሞኖመሩን በብሩሽ እየደጋገመ ቀባ፣ ስልኩ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆጥሮ። ክሊኒኩ ይቺን ሦስት ደቂቃ ነው የነፈገን! ዱቄትና ፈሳሹን ሞልቶ ሲጨርስ ለብ ያለ ውሃ ባለበት የግፊት ድስት ውስጥ ከተተው፤ ግፊቱ የአየር ቀዳዳ እንዳይፈጠር ያግዛል። በመጨረሻ ወለወለው። ግማሽ ቀን ሄደ። ከመጀመሪያው ቦታ ትንሽ ብቻ ጨምሮ ነው ያስከፈለን።

አጥንት ሳትነክስ ለምን ተሰበረ ብዬ ጠየቅኩት። ጥርስ ከወለቀ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ዓመት በዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ሰው ሰራሹ ጥርስ ግን ያው ነው። ስለዚህ መቀመጫው ይላላና በነከሰች ቁጥር መሃሉ ይተጣጠፋል፣ ሲደክመው አንድ ቀን ይሰነጠቃል። የእማዬ 9 ዓመቱ ነው። የተጠገነው ቦታ መጀመሪያ ሲሠራ በሙቀት የደረቀውን ያህል ጥንካሬ እንደማይኖረውም አልደበቀኝም። ውስጡ እንደገና ከድዷ ጋር እንዲገጥም መሞላት አለበት፣ ካልሆነም አዲስ መሠራት አለበት።

የዚያን ለት ማታ አፏ ውስጥ እንዳታደርገው አለ፣ ውሃ ውስጥ ይደር፣ የተረፈው ሞኖመር ድድ ያቃጥላል። የፈላ ውሃ ደግሞ በጭራሽ፣ ቅርጹን ያጣምመዋል።

እናንተም ስታስጠግኑ ከመቀባቱ በፊት ይሞርዱት እንደሆነ ጠይቁ። «አያስፈልግም» ካሏችሁ ጥርሱን ይዛችሁ ውጡ። ስባሪዎቹን በወረቀት ጠቅልላችሁ እንዳሉ ውሰዱ፣ ትንሿም ፍንጣሪ አትጣል፣ ሱፐር ግሉም አታስነኩት።

ትናንት በቪዲዮ ደወልኩላት። ጥርሱን አውጥታ ወደ ካሜራው አስጠጋችው። ስንጥቁ የነበረበት ሮዙ ትንሽ ፈዘዝ ይላል እንጂ ንቅንቅ አላለም። ውስጡን ለማስሞላት ወንድሜ ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጠሮ ይዞላታል።