ልጃቸውን እንደ እኔ ላጡ ወላጆች፦ የአንዲት ነርስ ምስጋናና ጥቆማ

በድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለምትሠራ አንዲት ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እንዲሁም ልጃቸው ራሱን ያጠፋባቸው ወላጆች ወደዚያ ክፍል እንዲሄዱ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

የበኩር ልጄ ሲያርፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶቻችንና የእድራችን አባላት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ድንኳን ጥለው ከእኛ ጋር አመሹ፤ ውለታቸው ከልቤ አይጠፋም። ሆኖም ስለ አሟሟቱ ሲነሳ ሁሉም አንገቱን ይደፋ ነበር። ሠልስቱ አልፎ ቤቱ ጭር ሲል ግን ሌሊቱን ሙሉ «ምን ነበር ሳላየው የቀረሁት?» እያልኩ ማንጋት ሆነ ሥራዬ።

ወደ ሲስተር ክፍል የገባሁት ዘመድ ጎትቶኝ ነው። በደጅ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ቢሆንም በሩን ዘግታ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲያ አንስታ አጠገቤ አኖረችና፣ «አባቴ፣ እስቲ ስለ ልጅዎ ያጫውቱኝ» አለችኝ። ካዳመጠችኝ በኋላ ባለቤቴ እንኳ ያልደፈረችውን ጥያቄ በለሆሳስ ሳይሆን በጠራ ድምፅ ጠየቀችኝ፦ «እርስዎስ የመሞት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» አዎ አልኳት። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ እንደማይዘራ፣ ይልቁንም ሰው የታመቀውን እንዲያወጣ እንደሚረዳ ያወቅሁት ከእሷ ነው። በዚያው ዕለት ሐኪም እንዲያየኝ አደረገች፤ ባለቤቴንም አስጠርታ የቤታችን መድኃኒቶች ሁሉ በባለቤቴ እጅ እንዲቀመጡ ተስማማን።

«ለምን?» ለሚለው ጥያቄዬ የችኮላ ማጽናኛ አልሰጠችኝም። የተቆጣሁትን ቀን፣ ያላነሳሁትን ስልክ፣ ሁሉንም ዘርዝሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያም ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት ብቻ እምብዛም እንደማይከሰት፣ የድብርት ሕመም የያዘው ወጣት ከቤተሰቡ ጋር እየሳቀ ሕመሙን ሊሰውር እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ እንደሚሞቱ መዘገቡን ስትነግረኝ፣ በእኔ ቤት ብቻ የወረደ እርግማን ይመስለኝ የነበረው ነገር የብዙ ቤቶች ሐዘን መሆኑን ተረዳሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን በትንሿ ልጄ ምክንያት ነው። «ወንድምሽ በድንገት አመመው» ብለናት ነበር። ሲስተር ልጆች እውነቱን ከጎረቤት ቢሰሙት የባሰ እንደሚጎዱ አስረድታን፣ የምንናገረውን ከእኛ ጋር አዘጋጀች፦ ወንድሟ በዐይን የማይታይ ከባድ የአእምሮ ሕመም እንደነበረው፣ ሕመሙም ሕይወቱን እስከ ማጥፋት እንዳደረሰው። ስንነግራት ልጄ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እርሳሱን ስለ ወሰድኩበት ነው?» ይህን ጥያቄ በሆዷ ይዛ ብታድግ ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ሐዘኔ አላለቀም፤ ሲስተርም ያልቃል ብላ አታውቅም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን ቀኑን አስታውሳ ደውላ፣ ዕለቱን ከማን ጋር እንደማሳልፍ ጠይቃኛለች።

በድሬዳዋና በአካባቢዋ ያላችሁ፣ ይህ የደረሰባችሁ ወላጆች፣ ካርድ ስታወጡ ለአእምሮ ሕክምና ክፍል እንደሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። የጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የትዳር አጋራችሁን ወይም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሐረር ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጠይቁ። የመሞት ሐሳቡ የበረታባችሁ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ቀስቅሳችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።