ምስጋናና ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ የድምፅ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ሰርግ፣ ምረቃ ወይም የባህል ምሽት የምታዘጋጁ ሁሉ ይህን ወንድማችንን ያዙት። ማሲንቆ ተጫዋች ነው፤ በተጨማሪም ሳውንድ ይይዛል። እኛ በባህል ባንድ የምንሠራ ሰዎች ውለታው ስላለብን በአደባባይ እናመሰግነዋለን። ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ከሌላው የሚለየው ማሲንቆ ላይ ነው። ብዙ ሳውንድማን ለዘፋኝ እንደሚያደርገው ማይኩን አፍንጫው ሥር ደቅኖ ድምፁን ይለቀዋል። ማሲንቆ ግን ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ስለሆነ ከስፒከር የወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እሱ ማይኩን ከቆዳው 15 ሳንቲሜትር ያህል አርቆ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ያቆመዋል። ደጋኑ አጠገብ ከተጠጋ የጭራው ፍትጊያ ብቻ ነው የሚሰማው። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ይቆርጣል። ከዚያ ሆን ብሎ ማይኩ ሊጮህ እስኪል ድረስ ከፍ ያደርግና የጮኸችውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ለይቶ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሌላው ሰው ግን ኢኮላይዘሩን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያውን) በሙሉ ያወርደውና ማሲንቆው ታፍኖ ይቀራል።

ሞኒተር (ዘፋኙና ተጫዋቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት የመድረክ ስፒከር) ሲያስቀምጥም የማይኩን ዓይነት አይቶ ነው። ካርዲዮይድ (ከፊት እንጂ ከኋላ የማይሰማ) ከሆነ በቀጥታ ከማይኩ ኋላ ያደርገዋል። ሱፐርካርዲዮይድ ከኋላውም ትንሽ ስለሚሰማ ሞኒተሩን ከኋላ ወደ አንዱ ጎን ያዞረዋል።

የኤሌክትሪክ ክራር በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ሲግናል ለሚክሰሩ በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ይገባል። እዝዝዝ የሚል ድምፅ ካለ የቦክሱን የግራውንድ (የመሬት መስመር) ማብሪያ ማጥፊያ ይነካል እንጂ የሶኬቱን የግራውንድ ሽቦ አይቆርጥም። ሽቦውን የሚቆርጡ አሉ፤ ድምፁ ይጠፋላቸዋል፣ ማይክ የጨበጠውን ዘፋኝ ግን ኤሌክትሪክ ሊመታው ይችላል። መብራቱንና ሳውንዱንም በተለያየ መስመር ያስገባል። ሲያበራ ሚክሰሩን አስቀድሞ ስፒከሩን መጨረሻ ላይ፣ ሲያጠፋ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው ያ "ዱም" የሚለው ድምፅ መጥቶ ስፒከር የሚያበላሸው።

ከበሮ በእርጥበት ሲላላ በኢኮላይዘር ለማዳን አይታገልም። ፀሐይ ላይ ወይም ከከሰል ራቅ አድርጎ ያሞቀዋል (በጣም ከተጠጋ ቆዳው ይሰነጠቃል)።

ድንኳኑ ረጅም ሲሆን ኋላ ያሉት "አይሰማም!" ይላሉ፤ የተለመደው መልስ የፊቱን ማስጮህ ነው። እሱ 20 ሜትር ላይ ሌላ ጥንድ ስፒከር ያቆምና 58 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ካልዘገየ የኋላው ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ደግሞ ኤኮውን ያጠፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ኤኮ ባለበት ምርቃት "አሜን" የቱ ላይ እንደሚባል ማን ያውቃል?

አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ ነገርም አለ። የሙሽራው አጎት መጥቶ "ጨምረው!" ቢለው እሺ አይልም፤ በዚህ የሚቀየም ዘመድ ይኖራል፣ እኛ ግን ልክ ነው እንላለን። ጥርና ሚያዝያ ቶሎ ስለሚያዝ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሚዘፍን፣ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ፣ የድንኳኑን ርዝመት፣ መብራቱ የመንግሥት ወይም የጄኔሬተር መሆኑንና ሶኬቱ ከመድረኩ ምን ያህል እንደሚርቅ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። እንግዳ ከመግባቱ ቢያንስ 3 ሰዓት በፊት ቦታው ክፍት ይሁንለት። ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ቀብድ ይቀበላል፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ የመኪናው በእናንተ ነው።