ሐዋሳ ላይ «ወደ ፕሮ የተሻሻለ» ፕሌስቴሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ

ጎበዝ፣ ይህን ጌም ቤት ለመክፈትም ሆነ ለልጆቹ ፕሌስቴሽን ለመግዛት ላሰበ ሁሉ አድርሱልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ተራ ፕሌስቴሽን 4ን «ግራፊክሱን ወደ ፕሮ አሳድገነዋል» እያሉ በፕሮ፣ ማለትም በጉልበተኛው የፕሌስቴሽን 4 ዓይነት ዋጋ የሚሸጡ አሉ። አንድ የሰፈራችን ልጅ አቶቴ አካባቢ ጌም ቤት ሊከፍት ከዘመድ ተበድሮ ሁለት ገዛ። ሁለቱም ተራ ናቸው።

ያሳመኑት በዓይኑ እያሳዩት ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ቲቪ ጎን ለጎን ቆመዋል። በሁለቱም ላይ አንድ የኳስ ጌም ተከፍቷል። በግራው ሜዳው ፈዘዝ ብሏል። በቀኙ የተጫዋቾቹ ጥላ ጥቁር ነው፣ ከጣሪያው ሥር ያለው የስታዲየሙ ክፍልም ድቅድቅ ብሏል። «አየኸው? የፕሮ ጥላ ይሄ ነው» አሉት። በኋላ አብሬው ሄድኩና የሁለቱን ማሽኖች የኤችዲኤምአይ ገመድ አቀያይሩልን አልኳቸው። ጥቁሩ ጥላ ከማሽኑ ጋር አልሄደም። እዚያው ቀኙ ቲቪ ላይ ቀረ። የተነካካው የቲቪው ብራይትነስና ኮንትራስት ነበር።

ጥላ ስለጠቆረ ተሻሻለ ማለት አይደለም። ጌሙ ጥላ የሚሠራው ትዕይንቱን መጀመሪያ ከብርሃኑ በኩል አይቶ፣ ብርሃን የማይደርስበትን ቦታ ለይቶ ነው። ለዚህ የሚመደበው አቅም ካነሰ የጥላው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ሲሮጥም ይንቀጠቀጣል። ጥሩ ጥላ እግሩ ሥር ጥርት ያለ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ይለሰልሳል። ይህን በቲቪ ሪሞት ማምጣት አይቻልም።

ሌላው የዙሪያ ብርሃን ነው፤ ከሰማይና ከግድግዳ ተንጸባርቆ ከየአቅጣጫው የሚመጣው። ይህ ብርሃን ጥጋጥግና ዕቃ ሥር እምብዛም አይገባም። ጌሞች ይህን የሚያስመስሉበትን ስሌት አምቢየንት ኦክሉዥን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ክራይሲስ የተባለው ጌም ስሌቱን ስክሪን ላይ ካለው ምስል እየወሰደ በመሥራት መንገዱን ከፈተ። ይህ ስሌት ከሌለ ጥላ ውስጥ የቆመ ተጫዋች ሣሩን ያልረገጠ፣ የተንሳፈፈ ይመስላል። ልዩነቱን የምትይዙትም እዚህ ላይ ነው። አምቢየንት ኦክሉዥን የሚያጠቁረው ጥጋጥጉን፣ እጥፋቱንና የእግር ሥሩን ብቻ ነው። ኮንትራስት ግን ሁሉንም ይውጣል። ጥቁር ማሊያ የለበሰ ተጫዋች ፈልጉ። የማሊያው እጥፋት ጠፍቶ አንድ ወጥ ጥቁር ከሆነ የቲቪ ሥራ ነው።

የጥላ ጥራት የሚመጣው ከማሽኑ ጉልበት ነው። ላስት ኦፍ አስ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 ለፕሌስቴሽን 4 ሲወጣ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ ከ60 ወደ 30 ፍሬም (ምስል) ብታወርዱት በምትኩ የተሻለ ጥላ ይሰጣችሁ ነበር። አንዱን ለማግኘት አንዱን መተው ነው። ተራው ማሽን 1.84 ቴራፍሎፕስ (የስሌት ፍጥነት መለኪያ ነው) አለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፕሮ ደግሞ 4.2። ይህ ቺፑ ላይ ያለ ጉልበት ነው። ፍላሽ ሰክቶ የሚጭንላችሁ ሰው የለም። «የፕሌስቴሽን 5 ሬይ ትሬሲንግም እንጨምርልሃለን» ካሏችሁማ ጭራሽ ውሸት ነው፤ ሬይ ትሬሲንግ የብርሃን ጨረርን መንገድ እየተከተለ ጥላና ነጸብራቅ የሚሠራ ስሌት ነው፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ሃርድዌር ፕሌስቴሽን 4 ውስጥ የለም።

እንዲያውም በብዙ ጌሞች በተራውና በእውነተኛው ፕሮ መካከል ያለው የጥላ ልዩነት ትንሽ ነው። ፕሮው ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያውለው ሬዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት የነጥብ ብዛት ላይ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ከሱቁ በር ሆናችሁ የሚታያችሁ ከሆነ ጠርጥሩ።

ስትሄዱ ጆይስቲኩን ራሳችሁ ያዙ። ከፍላሽ የተከፈተ ቪዲዮ እየታያችሁ ሊሆን ይችላል። ገመዱን አቀያይሩ፤ እምቢ ካሉ ውጡ። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ፣ ቡስት ሞድ የሚል ምርጫ ያለው ፕሮ ላይ ብቻ ነው። የፕሮ አካል እንደ ሦስት ድርብ ሆኖ የተነባበረ ነው፣ የተራው ሁለት ነው። በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርም አንብቡ። ፕሮ ከሆነ ከሲዩኤች (CUH) ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ7 ይጀምራል። ተራው በ1 ወይም በ2 ይጀምራል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። ልጁን ያስቸገረው ግን ደረሰኙ ነው። «ጌም ማሽን» ይላል እንጂ ፕሮ አይልም። ሻጩም «እኔ ፕሮ ብዬ አልሸጥኩም» ብሎ ድርቅ አለ። እናንተ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩንና «ፕሮ» የሚለውን ቃል ደረሰኙ ላይ አጽፉ።